ከካሪቢያን ዳርቻ እስከ ለገጣፎ፦ የቤት ገዢ ትዝብት

ለገጣፎ ላይ ቤት ወይም ቦታ ሊያሳይ የሚወስድ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየው ጎረቤቱን ነው። «ይህ በረንዳው የሰፋው የሐኪሙ ነው። ያ አጥሩ ላይ አምፖል የደረደረው ከዱባይ ዕቃ የሚያመጣው ነጋዴ ነው። ቀጥሎ ያለው ደግሞ የእናንተው ነው፤ የአሜሪካው።» የአክስቴ ልጅ መሪውን እንደያዘ ይህን ሁሉ ሲቆጥርልኝ፣ ሊያስገዛኝ ያሰበው ቦታ ስንት ካሬ እንደሆነና ካርታ ይኑረው አይኑረው ገና አልተነሣም ነበር። ደላላው ከኋላ ወንበር ሆኖ ባለቤቶቹን ሲያሳስት ያርመዋል። ሰፈሩን የሚያሻሽጡልኝ በሰዉ ነበር።

በሜክሲኮ የካሪቢያን ዳርቻ፣ ፕላያ ዴል ካርመን የምትባል ከተማ ውስጥ ወዳጆቼ አፓርታማ ሲገዙ አብሬያቸው ነበርሁ። ባልና ሚስቱ ሚኒሶታ ያሉ ሐበሻ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ጡረታቸው ተቃርቧል፤ በረዶ መጥረግ አንገሽግሿቸዋል። የሽያጭ ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ ስታዞረን ከጎን ማን እንደሚኖር አላነሣችም። ወሬዋ ስለ ካሬ ሜትር፣ ስለ ሕንፃው ወርኃዊ የጋራ ወጪ፣ ቤቱ ለጎብኚ ቢከራይ ስለሚያስገባው ገንዘብ ነው። ሚስትየዋ «ለመሆኑ ጎረቤቶቹ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ ትንሽ ግራ ተጋብታ ቆየችና «አብዛኛውን ጊዜ ማንም የለም» አለች፤ ደስ የሚል ዜና የነገረችን መስሏት።

አሜሪካ ያለ ሐበሻ ከለቅሶ ቤት እስከ ክርስትና የሚያወራው ስለ ቤት ነው። ድሮ ወሬው ሲኤምሲ፣ አያትና ለቡ ነበር። አሁን ሞምባሳና ዛንዚባር፣ አልፎ አልፎም ሜክሲኮ ገብተውበታል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ስለ አየሩ ያወራል። አየሩስ እውነት ነው፤ ግን ሌላም አለ። ለሪል እስቴት ቅድሚያ ከፍሎ ዓመታት የጠበቀ፣ በወንድሙ ስም ቦታ ገዝቶ ከወንድሙ የተቀያየመ፣ ብሩን ባንክ አስቀምጦ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት መቶን ሲያልፍ የተመለከተ፣ እንዲህ ያለው ሰው ባሕር ዳር ቆሞ የሚታየው ባሕሩ ብቻ አይደለም። ዘመድ የማይደርስበት ቤት ይታየዋል።

በሕጉ በኩል የታዘብሁት ግን ይበልጥ ያስቃል። ቦሌ እንደ ወረድን ከምናነሣቸው ቅሬታዎች አንዱ «በገዛ አገሬ መሬት የእኔ አይሆንም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ አይሆንም። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ከወረሰ ወዲህ አልሆነም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጽንቶታል። ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ዜግነቱን የለወጠው በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 270 መሠረት በቢጫ ካርድ ይስተናገዳል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ዜጋም የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። ወደ ሜክሲኮ እንሂድ። እዚያ እ.ኤ.አ. የ1917ቱ ሕገ መንግሥት ከባሕር በ50 ኪሎ ሜትር፣ ከድንበር በ100 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የውጭ ዜጋ በቀጥታ የመሬት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል። መውጫው ፊዴይኮሚሶ የሚባለው የባንክ አደራ ነው። ንብረቱ በባንኩ ስም ይመዘገባል፤ ገዢው ተጠቃሚ ይሆናል፤ ዘመኑ 50 ዓመት ነው፣ ሲያልቅ ይታደሳል፤ ባንኩም በየዓመቱ የአደራውን ክፍያ ይቀበላል። ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «በጣም ጥሩ» አለ። ይኸው ሰው ሚኒሶታ ላይ ስለ ሊዝ ሲነሣ ጠረጴዛ የሚደበድብ ነው። የባዕድ ባንክ 50 ዓመት ሲሰጠው አመስግኖ የሚቀበል፣ የአገሩ መንግሥት 99 ሲሰጠው ተዘረፍሁ የሚል ሰው ምን ይባላል?

ፍርዱ ግን እዚህ ላይ አያበቃም፤ ወዳጄም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ልዩነቱ ከዓመቱ ቁጥር ሳይሆን ወረቀቱን ከሚመረምረው ሰው ላይ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ የቤት ውል የሚፈረመው ኖታሪዮ ዘንድ ነው። ኖታሪዮ መንግሥት የሾመው የሕግ ባለሙያ ነው፤ ንብረቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከሕዝብ መዝገብ ማስረጃ ያስመጣል፣ ግብሩን አስልቶ ይሰበስባል፣ ባጠፋም ይጠየቃል። እኛ የገባንበት ቢሮ ውስጥ የነበረው ሽማግሌ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ የማይቸኩል ሰው ነው። ውሉን በስፓኒሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ አስተርጓሚዋ ከሥር ከሥር ትከተላለች። ወዳጄ ሲያዛጋ ንባቡን አቁሞ ማዛጋቱን እስኪጨርስ ጠበቀው። የሚስትየዋ ስም ላይ ሲደርስ ግን ፓስፖርቷንና የጋብቻ ወረቀቷን ጎን ለጎን አስቀመጠና ጣቱን አንድ ፊደል ላይ አሳረፈ። አንዱ ላይ የተጻፈው ፊደል ሌላው ላይ የለም። ስሙን በላቲን ፊደል የጻፈ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ የወንድምና የእህት አያት ስም እንኳ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይኖራል። ሰውየው ይህን የሚያውቅበት ምክንያት የለውም። አንድ ሰው መሆኗን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ጠየቀ፤ ፊርማውም ለሌላ ቀን ተላለፈ። የሽያጭ ሠራተኛዋ በቁጣ ስልኳን ስትጎረጉር ቀና ብሎም አላያት። ቤቱ ተሸጠ አልተሸጠ ጉዳዩ አልነበረም፤ የወደድሁለትም ይኸው ነው።

ስለ ባሕሩ ብዙ አልልም፤ ፎቶው አይዋሽም፣ ግን አያሟላም። በአንዳንድ ወራት ሳርጋሶ የሚባል ቡናማ የባሕር አረም በክምር እየመጣ ዳርቻውን ይሸፍነዋል፤ ሲበሰብስ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ሠራተኞች ከንጋት ጀምሮ በጋሪ ሲዝቁት ይውላሉ። ጨው ያዘለው አየር የበሩን ማጠፊያ ይበላል። ከውኃው ጠርዝ 20 ሜትር የሚሆነው አሸዋ የፌዴራል መንግሥቱ ስለሆነ «የግል ዳርቻ» የሚለውን ማስታወቂያ ያመነ ገዢ ሲደነግጥ ይኖራል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። የአፓርታማዎቹ ጽዳት ሠራተኞች ኮሌክቲቮ በሚባሉ ሚኒባሶች ተጭነው፣ ከዋናው የ307 ቁጥር አውራ ጎዳና ወዲያ ማዶ ካሉት ሰፈሮች ይመጣሉ። ማንም በማይኖርባቸው ቤቶች አንሶላ ቀይረው ማታ ይመለሳሉ። ባለቤቶቹ ወረቀቱን እስከ ፊደሉ አጣርተው ገዝተዋል። አንሶላ የምትቀይረው ሴት የት ታድራለች፣ ቦታው ከሆቴሎቹ በፊት የማን ነበር የሚለውን ግን የሚጠይቅ አላየሁም። የኛዎቹም አልጠየቁም።

ለገጣፎ ላይ ይህ ጥያቄ አይታለፍም፤ ሳትጠይቀው ይነገርሃል። «የአሜሪካው» በተባለው ቤት ደጃፍ ቆመን በሩ ክፍት ስለነበር ገባን። ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ጣሪያው ላይ ለሦስተኛው ፎቅ የታሰበው ብረት ዝጎ ወደ ሰማይ ቆሟል። የታችኛው ሳሎን በእብነ በረድ ተነጥፎ ተዘግቷል። ዘበኛው ከሚስቱና ከልጁ ጋር ሰርቪሱ ውስጥ ይኖራል። ከሮቶው ሥር ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፤ የአዲስ አበባን ጥም የሚቆርጠው የለገዳዲ ግድብ እዚሁ ቅርብ ቢሆንም ውኃ በፈረቃ ነው። ሰውየው የቤቱን ባለቤት አይቶት አያውቅም። ድምፁን ግን ያውቃል፣ በስልክ። ሲሚንቶ ስንት እንደገባ፣ የባለቤቱ እህት ከወንድሟ ጋር በምን እንደተኳረፈች፣ እርሻው ከመቆረሱ በፊት እዚህ ጤፍ ይዘራ የነበረው ገበሬ አሁን የት እንደሚኖር አንድ በአንድ ነገረን። ገበሬው ሰበታ ዘመድ ጋ ተጠግቷል። አንደኛው ልጁ ደላላ ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ደላላችን እርሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በሌላ ዓይን አየሁት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 455 መሬቱ ለልማት ለተወሰደበት ገበሬ የዓመት ገቢውን 10 እጥፍ ካሳ ይሰጥ ነበር፤ በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ወደ 15 አሳደገው። ያ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ ከተማ ዳር ያደገ ልጅ ያውቃል፤ የአባቱ ማሳ በካሬ ስንት እንደሚጠራም ያውቃል። ስለዚህ የቀረውን መሬት መንግሥት ሳይቀድመው ለመሸጥ ቢጣደፍ ስግብግብ ልለው አልችልም። አስቸጋሪው ሽያጩ ሽያጭ ተብሎ መጻፍ አለመቻሉ ነው።

የሚሸጠው ቦታ ጋ ስንደርስ ባሕር ዛፍ ሥር ቆመን ደላላው ወረቀቱን ከፌስታል አወጣ። የግብር ደረሰኝ፣ የኮፒ ኮፒ የሆነ ንድፍ፣ ከዚያ ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት ውል። ውሉን አነበብሁት። ሻጭና ገዢ የሚል የለበትም፤ አበዳሪና ተበዳሪ ይላል። ተበዳሪው ገንዘቡን መመለስ ካልቻለ አበዳሪው በቦታው ይጠቀማል።

«ይህ እኮ የብድር ውል ነው» አልሁት።

«ጋሼ፣ ሽያጭ ከተባለማ አይሆንም» አለኝ በትዕግሥት። «እዚህ የሠሩት ሁሉ በዚሁ ነው። መብራት ገብቶላቸዋል፣ ያዩዋቸዋል።»

ቆጣሪ መግባቱ ይዞታ አያረጋግጥም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. እዚሁ ለገጣፎ ለገዳዲ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ ስንቱ ቤተሰብ ከነዕቃው ሜዳ ላይ እንደቀረ አገር ያየው ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከሌሎቹ ጋር ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች። ዋናውን ፋይል መሬት አስተዳደር ሄደን አብረን እንየው ብዬ ስናገር የአክስቴ ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ። መኪና ውስጥ ስንገባ «አሳፈርከኝ» አለኝ። «እኔ የማውቀው ሰው ነው። አባቱንም አውቃለሁ። እንደ ሌባ ቆጠርከው እኮ።»

ሜክሲኮ ላይ አንድ ፊደል ብለው ቀን ሲያስለውጡን ማንም አላፈረም። እዚህ ፋይል ማየት ስድብ ሆነ። የአክስቴ ልጅ አልዋሸኝም፤ ሰውየውን ያውቀዋል። ቤቱ ቢፈርስ ግን መተዋወቃችን አያስቆመውም፤ የሚፈርሰው ቤቴ ብቻ ሳይሆን እኔና እርሱ የምንገናኝበት በዓልም ነው። ዳያስፖራው ከዘመድ እየሸሸ ባሕር ዳር የሚገዛበትን ምክንያት ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ይህ ነው። ከባዕድ ጋር ስንዋዋል የምንጠይቀውን ጥያቄ ከዘመድ ፊት እንውጠዋለን፤ ስንጎዳ ደግሞ ዘመዱን እንከሳለን።

ሜክሲኮዎቹ ከዚህ ነፃ ናቸው ማለቴ አይደለም። እዚያም ኤሂዶ የሚባል፣ ከአብዮታቸው በኋላ ለገበሬዎች በጋራ የተሰጠ መሬት አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 በተደረገው ማሻሻያ የገበሬዎቹ ጉባኤ በድምፅ ከወሰነ መሬቱ ወደ ግል ይዞታ ተዛውሮ ሊሸጥ ይችላል። ሂደቱ ያላለቀለትን መሬት ግን «መብቱን አስተላልፌያለሁ» በሚል ወረቀት የሚያቀርብ ሰው በየመንገዱ አለ። ወዳጄንም ወደ ቱሉም በሚወስደው መንገድ አንዱ አግኝቶት ነበር። ዋጋው ካርታ ካለው መሬት ከግማሽ በታች ነው። ኖታሪዮ ጋ እንሂድ ሲለው ሰውየው ሳቀ፤ በቂም ሳይሆን በደግነት።

ከሁለት ቀን በኋላ ደላላው ራሱ ደወለ። ቂም አልያዘም።

«ጋሼ፣ ፋይል ያለው ከፈለጉማ አለ» አለኝ። «ዋጋው ግን ሌላ ነው።»

ስንት ነው ስለው ነገረኝ። ባሕር ዛፍ ሥር ካየነው ከእጥፍ በላይ ነው። ለምን ይህን ያህል ይበልጣል ብዬ ጠየቅሁት።

«ያኛው የሚፈርስ ከሆነስ?» አለ። «እሱ ተቀንሶ ነው እኮ የተነገረዎት።»