ኦና ደሴት

በፌሪው ድምፅ ማጉያ «ቀጣዩ ኦና» ሲባል ብቻዬን ሳቅሁ። እውነት ነው፣ ኖርዌይ ምዕራብ ጠረፍ ላይ፣ ከኦለሱንድ ከተማ በስተ ሰሜን ኦና የምትባል ደሴት አለች። ዓለቷ ላይ በ1867 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) የተተከለ ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ ቀይ የብረት መብራት ቤት ቆሟል። ከ1971 ጀምሮ ጠባቂ አያስፈልገውም፣ በራሱ ይበራል። ድሮ ዓሣ አጥማጅ የሞላባት ደሴት ዛሬ ክረምት ከበጋ የሚኖርባት ሰው ጥቂት ነው። ስሟ በእኛ ቋንቋ እየደረሰባት ነው።

ኦና የነበረችበት ኮሙኔ ሳንዶይ ይባል ነበር። ኮሙኔ ማለት የእኛ ወረዳ በሉት። ደሴቶቹ ሁሉ ተደምረው 20 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሕዝቡም 1,300 የማይሞላ፤ እኛ ጋ ቢሆን አንድ የገጠር ቀበሌም አያክል። ይህችው ናት እንግዲህ ከ1867 እስከ 2019 ማብቂያ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ በጀት፣ ስታይንስሃምን ላይ የራሷ ጽሕፈት ቤት የነበራት። ከንቲባውን ሱቅ ወተት ሲገዛ አግኝተው «አንተ፣ ያ ነገር ምን ደረሰ?» የሚሉበት አገር ነው። ኖርዌጂያን አንቱታን ከተዉት ቆይተዋል። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሽማግሌ ሰው «አንተ» ስል ምላሴ ይከብደኛል።

በ2020 መንግሥት ትንንሾቹን ኮሙኔዎች ሲያዋህድ ቁጥራቸው ከ422 ወደ 356 ወረደ። ሳንዶይም ከሌሎች ጋር ኦለሱንድ ውስጥ ገባች። አብራት የገባችው ጎረቤቷ ሃራም ትባላለች (ስሙ እኛ ሰፈር ስንቱን እንዳሳቀ አትጠይቁኝ)። ሃራም ጋብቻው አልተመቻትም። ፓርላማው ፈቀደላትና ጥር 1 ቀን 2024 ተፋትታ ወጣች። ሳንዶይ ከከተማው ጋር ቀረች።

አሁን ካርታውን እዩት። በ2022 በባሕር ሥር ዋሻዎችና በድልድዮች ደሴቶቹን ከየብስ ያገናኘ መንገድ ተከፍቷል። ያ መንገድ የሚያልፈው በሃራም ደሴቶች ላይ ነው። ስለዚህ የሳንዶይ ሰው ወደ ገዛ ከተማው ለመሄድ በጎረቤት ግቢ ማለፍ አለበት! መዋሃድ፣ መፋታት፣ እንዲህ ያለ የተጠማዘዘ ድንበር፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ስብሰባና ክርክር እንጂ ድንጋይ የወረወረ የለም።

እኛ አገር «ወረዳ ይሰጠን» ሲባል የሚሆነውን ታውቃላችሁ። የክልልነት ጥያቄ ተነሥቶ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ፣ የጉራጌ ዞን ከተሞች ቤት ተዘግቶባቸው ሲውሉ፣ እዚህ ያለነው ስልክ ላይ ተጥደን ነበር። አንዳንዱ ወገኔ «ፈረንጅ ሠልጥኗል፣ እኛ ግን...» ይላል። እኔ አይመስለኝም። የደሴቱ ልጅ ኮሙኔው ማንም ይሁን ማን ትምህርት ቤት ይገባል፣ ሐኪም ያገኛል፣ አያቱም የሚጦራት አታጣም፤ ሕጉ ግድ ይላል፣ ከመንግሥትም ድጎማ አለ። ስለዚህ መስመሩ ቢዛወር የሚቀየረው ታፔላው፣ ቢበዛ የቢሮው ርቀት ነው። እኛ ጋ ወረዳ የሆነ ቦታ ባለሙያ ይቀጠርበታል፣ መንገድ ይገባለታል፤ ያልሆነው ይቀራል። በዚያ ላይ ቋንቋውና ማንነቱ ይጨመርበታል። በእንጀራው ላይ የተሰመረ መስመር ነውና ሰው ይዋጋለታል፤ ባያምርም ይገባኛል።

ማታ ከኦና ስመለስ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። መታወቂያዋን ልታሳድስ ቀበሌ ተሰልፋ ውላለች።

«እማዬ፣ ቀበሌ እኮ ወረዳ ከሆነ ስንት ዓመቱ» አልኳት።

«እኔ ምን ቸገረኝ፣ እነሱ ይጥሩት እንደ ፈለጉ» አለች። «ሲስተም የለም ብለው መለሱኝ።»