ነጭ ፀጉሩ፣ ቀበሮው እና የአጎቷ ልጅ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አዛውንቶቹ ተኝተዋል። እዚህ ሜሪላንድ፣ የምሠራበት ነርሲንግ ሆም የዕረፍት ክፍል ውስጥ ሦስት ሴቶች አንዲት ስልክ የስኳር ዕቃ ላይ አስደግፈን ተደርድረናል። አንዷ ቬትናማዊት ናት፤ ቤቱን ከሁላችንም ቀድማ የምታውቅ። አንዷ ከሲቹዋን የመጣች ቻይናዊት። ሦስተኛዋ እኔ። ማይክሮዌቩ ጮኾ ጮኾ ዝም ብሏል፤ ሩዙን የሚያወጣው ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ሠርግ ነው። ነጭ የለበሰ ሰው መሀል ገብቶ ሙሽራዋን «አታግቢው» እያላት ነው።

«ሂጂ!» አለች ቬትናማዊቷ። «ሂጂ አንቺ!»

«የት ነው የምትሄደው?» አለች ቻይናዊቷ። «ይሄ እኮ ጥሏት የሚሄድ ነው።»

እኔ አፌን ይዤ ዝም። ይሄን ክፍል አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቴ ከሳምንት በፊት ተርካልኛለች። ተርካልኝ ብቻ ሳይሆን ከእናቴ ጋር ተጣልተውበታል።

ድራማው «ቻንግ ሺያንግ ሲ» ይባላል። የማያባራ ናፍቆት እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 በ39 ክፍል ወጣ፤ ሁለተኛው በዓመቱ፣ በ23 ክፍል። ታሪኩ የቶንግ ኋ ልቦለድ ነው። ደራሲዋ ቻይና ተወልዳ፣ ቤጂንግ ተምራ፣ ባንክ ሠርታ፣ መጻፍ የጀመረችው ግን አሜሪካ ከገባች በኋላ ነው። ይሄን ስሰማ የድራማው ርዕስ ከየት እንደመጣ የገባኝ መሰለኝ። ተሳስቼም ይሆናል።

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሺያዎያዎ ትባላለች፤ የምትሠራው ያንግ ዚ ናት። የንጉሥ ዘር ናት። ልጅ ሳለች እናቷ «እመለሳለሁ» ብላ ተራራ ላይ ሰው ጋ ትታት ጦርነት ሄደች። አልተመለሰችም። ልጅቷ ስንቱን ተንከራታ ስናገኛት ወንድ መስላ፣ በአንዲት ትንሽ ገበያ ከተማ ሐኪም ሆና ትኖራለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በምንም ምክንያት፣ ለምንም ጥቅም ብሎ የማይተዋት ሰው።

ሦስት ወንዶች አሉ። (ያ ሠርግ ላይ የቆመው ምስኪን ሙሽራ ከሦስቱም አንዱ አይደለም፤ አራተኛ ነው። የእሱን ነገር ተዉት።) አንደኛው ጻንግ ሹዋን ነው። የእናቷ ወንድም ልጅ፣ አብሮ አደጓ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሚሆነው። ሁለተኛው ቱሻን ጂንግ። የባለጸጋ ቤት ልጅ፣ ዘሩ ባለ ዘጠኝ ጅራት ቀበሮ። የገዛ ወንድሙ ሰውነቱን ሰባብሮ ጥሎት፣ ሺያዎያዎ አንስታ ያስታመመችው። ሦስተኛው ሺያንግ ሊዩ። ባለ ዘጠኝ ራስ ፍጡር፣ ነጭ ፀጉር፣ ፊቱ ላይ ጭምብል፣ የተሸነፈ አገር ጦር አዛዥ። ባለ ዘጠኝ ራሱም ባለ ዘጠኝ ጅራቱም «ሻንሀይ ጂንግ» ከሚባለው የቻይኖች ጥንታዊ የተራሮችና የባሕሮች መጽሐፍ የመጡ ናቸው። ቻይናዊቷ ባልደረባዬ ይሄን ስታስረዳኝ ኩራቷ ያስታውቃል።

እንግዲህ ክርክሩ ማንን ታግባ ነው።

የአጎቷ ልጅ እኛ ቤት አምስት ደቂቃም አልቆየ። እህቴ ሰብታይትሉን ለእናቴ እየተረጎመች ሳለ «የእናቷ ወንድም ልጅ ነው» ከሚለው ላይ ስትደርስ እማዬ ቡና መውቀጫውን አስቀመጠች። «ወግጂ! ሰባት ቤት ሳይቆጠር? ቀይሪው።» እህቴ ልጁ ቆንጆ መሆኑን፣ ለሺያዎያዎ ሲል መከራ መቀበሉን፣ ሁሉን ደርድራ አስረዳች። ምን ዋጋ አለው። እማዬ ዘር ቆጥራ ጨርሳለች።

እዚህ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ቻይናዊቷ ቃሉን ሰንጥቃ ነገረችኝ። የአባት ወንድም ልጅ አንድ ስም ስለሚጠራ እንደ ወንድም ነው፤ አይታሰብም። የእናት ወንድም ልጅ ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው፤ በድሮው ጊዜ እሱን ማግባት እንዲያውም ዝምድና ማጥበቂያ ነበር። ሕጉ ሁለቱንም አንድ ላይ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። «አያቴ ብትሆን የምትመርጠው እሱን ነበር» አለች እየሳቀች። የእሷ አያትና የእኔ እናት አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይሄን ቢያዩ ብዬ አሰብኩ።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ቀበሮው እና ነጭ ፀጉሩ። ስሙን ያወጣችለት እማዬ ናት። «ያ ነጭ ፀጉሩ፣ ያለ ዕድሜው የሸበተው።»

ቀበሮው ጥፋት አለበት፤ አይካድም። አያቱ አግባት የሚሉት እጮኛ አለችው፤ እንቢ ለማለት አፉ አይፈታም። ዛሬ ነገ እያለ ልጅቷን ስንት ዓመት አስጠበቃት። ጭራሽ እጮኛዪቱ «አርግዣለሁ» ብላ መጣች። በኋላ ልጁ የወንድሙ ሆኖ ተገኘ እንጂ ያኔማ ሁሉም ነገር አብቅቶለት ነበር። የዕረፍት ክፍሏ በዚህ ታመሰች። አንዲት ወጣት አሜሪካዊት ነርስ ለቡና ገብታ ሁለት ደቂቃ አይታ ፈረደች። ይሄ ሰውዬ ከቤተሰቡ ጋር ድንበር ማበጀት አልቻለም፣ ቴራፒ ያስፈልገዋል፣ ልጅቷም ራሷን ታስቀድም። ቡናዋን ይዛ ወጣች። ሰው እዚህ አገር እንዲህ ነው። አስተያየቱን ይሰጥሻል፣ «ለእኔ እንደሚመስለኝ» ይልሻል፣ ከዚያ በቃ። አንቺ ብትስማሚ ባትስማሚ ሥራው ይቀጥላል።

አገር ቤት ክርክር እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ተከፍቶ የቱርኩ ድራማ በአማርኛ መግባት ሲጀምር ጀምሮ እኛ ቤት ሸንጎ ነው። ጎረቤት ይመጣል። ቡና ይፈላል። ስለ ቱርካዊቷ ተጀምሮ ስለ ጎረቤታችን ልጅ ያልቃል። ቻይናዎቹም ያው ናቸው፤ ልዩነቱ አሁን እህቴ ከቴሌግራም በሌሊት ፓኬጅ አውርዳ በስልኳ ማሳየቷ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ባትሪው እስኪሞት ይታያል።

«እህትሽ ምን አለች?» ትለኛለች ቬትናማዊቷ በየሌሊቱ። እነግራታለሁ። እህቴ ቀበሮውን «ሬድ ፍላግ ነው» ብላዋለች። በዚህ ከአሜሪካዊቷ ነርስ ጋር አንድ ሆኑ። እማዬ ግን እንዲህ አለች፦ «አያቱን ያላሳዘነ ልጅ እሷንስ መች ያሳዝናታል?» ይሄን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ስነግራት ቬትናማዊቷ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። እሷ ወንድ ልጅ አላት፤ ካሊፎርኒያ ነው፣ ለገና ይደውላል።

የነጭ ፀጉሩ ደጋፊዎች ደግሞ እኛ ነን። ማለቴ የሌሊት ፈረቃው። ድራማው ካለቀ በኋላም ብዙ ተመልካች ያለቀሰው ለእሱ ነው፤ እኛ ብቻ አይደለንም። ሰውዬው የሚያደርገውን አይናገርም። ሞታለች ሲባል ወስዶ ባሕር ሥር በገዛ ደሙ 37 ዓመት ያስታምማታል። ስትነቃ «ውለታዬን ትከፍያለሽ» ዓይነት ነገር ይላታል እንጂ ሌላ ቃል የለም። ራሷን እንድትከላከል ቀስት ያስተምራታል። ሊያገባት አይችልም፤ ጦሩን፣ እንደ ልጁ የያዘውን ጄኔራል ጥሎ አይሄድም። ያ ሠርግ ላይ ሲመጣ እንኳን በአንድ በኩል ውል አለበት። የላከው ቀበሮው ነው፤ ለጦሩ ስንቅ ሊሰጠው። ቻይናዊቷ ይሄን ስታውቅ ጠረጴዛውን መታችው። «አየሽ? ቀበሮው ራሱ መምጣት አልቻለም!» ቬትናማዊቷ ደግሞ፦ «መምጣት የፈለገው ነጭ ፀጉሩ ነው፤ ስንቁ ሰበብ ነው።» ሩዙ ማይክሮዌቭ ውስጥ ቀዘቀዘ።

እኔን የከበደኝ ትሉ ነው። ሺያዎያዎ መርዝ የምታውቅ ልጅ ናት፤ ጥንድ ትሎች አሏት። አንዱ እሷ ውስጥ፣ አንዱ ሺያንግ ሊዩ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ አንዱን ያመመው ሌላውን ያመዋል። የመጨረሻው ጦርነት ሲቃረብ፣ እንደማይተርፍ ሲያውቅ፣ ሰበብ ፈልጎ ትሉን ያስወጣል። እሱ ሲሞት እንዳያማት። ክፉ መስሎ ተለያት። ሲሞትም አላመማትም።

ሁለቱ አለቀሱ። እኔ ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ ያወቅኩት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ነው። አባቴ ሲሞት እዚህ ነበርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በደወልኩ ቁጥር «ተኝቷል»፣ «ደጅ ወጥቷል»፣ «ስልኩ ተበላሽቶ ነው» አሉኝ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሦስት ያገሬ ሰዎች በሬን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት፣ ሦስት ሆኖ የሚመጣ እንግዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። እኔን እንዳያመኝ ብለው ነው። እኔም ባለፈው ዓመት ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ቀዶ ጥገና ስገባ ለእማዬ «ኦቨርታይም በዝቶብኝ ነው ያልደወልኩት» ብያታለሁ። ትሉን ያወጣነው ሁላችንም ነን።

እሑድ ስደውል ጨዋታው ወደዚያው ሄደ። እህቴ የመጨረሻውን ክፍል አይታለች። ሺያዎያዎ ቀበሮውን ይዛ ከሁሉ ርቃ ሄደች። «ተሸወደች!» ትላለች እህቴ። ለነጭ ፀጉሩ ልቧ ተሰብሯል። ሊሞት ሲል የተወላትን ምኞት በቃሏ ይዛዋለች። ራሷን የምትጠብቅበት ጉልበት፣ የምትደገፈው ሰው፣ የምትሄድበት ቦታ ይኑራት ነው ያለው። «እንዲህ የሚመኝልሽን ሰው ትተሽ?»

እማዬ ስልኩን ተቀበለቻት።

«ልጄ፣ እኔ አንድ ነገር ልንገራት። ሩቅ ሆኖ ደግ መሆን ማንን ያቅተዋል? ያኛው ቢያንስ አጠገቧ ተቀምጧል። ሲያማት ውኃ የሚያቀብላት እሱ ነው።»

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ከኋላ የጎረቤት ዶሮ ይጮሃል።

«አንቺን ማለቴ አይደለም» አለች ቆይታ።

«አውቃለሁ እማዬ።»

«አንቺማ ትመጫለሽ።»

«እመጣለሁ።» ወረቀቱ ካለቀ ብዬ ልጨምር ነበር፤ ተውኩት። ዘጠኝ ዓመት ስለ ወረቀት ሰምታለች።

ማታ ሥራ ስገባ ቬትናማዊቷ ሩዟን እያሞቀች ጠበቀችኝ። «እናትሽስ ምን አሉ?» ነገርኳት። ማይክሮዌቩ እስኪጮህ አሰበችና «ልክ ናቸው» አለች። «ግን እኔ አሁንም ነጭ ፀጉሩን ነው የምመርጠው።» ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለልጇ ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላየሁም።

የእህቴ ድምፅ መልእክት የመጣው ንጋት ላይ ነው። እዚያ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሆናል። «ስሚ፣ ሁላችንም ተናግረን አንቺ ዝም አልሽ። ለመሆኑ አንቺ የማን ነሽ? የቀበሮው ወይስ የነጭ ፀጉሩ? ደግሞ ሌላ ድራማ ጀምሬያለሁ፣ 58 ክፍል ነው፣ ፓኬጄ አልቋል።»

መኪናው እስኪሞቅ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። መልሱን ለመቅዳት ስልኩን አፌ ላይ አደረግኩ፤ አወረድኩት። ካርድ ሞላሁላት።