አባ ስኖርክል

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ስነዳ ድንገት ነጋ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ዶሮ አልጮኸ፣ የቅዳሴ ደወል አልተሰማ፣ ዝም ብሎ ነጋ። የመኪናዬ አቧራ አንድ በአንድ የሚቆጠር ሆነ። ከሦስት ወር በፊት የጠፋብኝ ቁልፍ ከጎን ወንበር ሥር ሲያብረቀርቅ አየሁት። የውስጡን መስታወት ወደ ጣሪያ ባዞረው ብርሃኑ በስፖኪዮ መጣ፤ ስፖኪዮውን ባጥፈው በኋላ መስኮት ገብቶ የራሴን ጭንቅላት ከነጆሮዬ በፊት መስታወቱ ላይ ሣለው። ምን እንደ ነበር ልንገራችሁ? አያስፈልግም፤ እናንተም በየምሽቱ ይነጋባችኋል። ከኋላዬ ያለው «የተሠራ» ፒክአፕ ነው።

እኔ ማማረር ትቻለሁ። እኛ ውለታ የማናውቅ ሰዎች ነን። የመንገድ መብራት ጠፋ ብለን ስንት ዓመት ስናለቅስ ኖርን፤ አሁን ያለ ጨረታና ያለ በጀት፣ በገዛ ገንዘባቸው፣ የስታዲየም ፓውዛ በጣሪያቸው ተሸክመው ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ የሚያበሩልን ወገኖች ሲገኙ ደግሞ «ዓይናችን ጠፋ» እንላለን። አንድ ምቀኛ መካኒክ የፋብሪካው መብራት ጎድጓዳ መስታወት የተቀረጸው ለሃሎጅን አምፖል ክር ነው ይላል፤ ኤልኢዲ ሲሰካበት ብርሃኑ የሚነሣበት ነጥብ ስለሚዛነፍ አስፋልት ላይ መውረድ የነበረበት ሁሉ ወደ ሰው ፊት ይረጫል። መኪናው ዐሥር ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መብራቱ ዝቅ ተደርጎ ካልተስተካከለ ደግሞ ትንሽ መኪና የሚነዳ ሰው ማጅራት ላይ ልክክ ይላል። መካኒኩን ምቀኛ ያልኩት ይህን ለባለ ፒክአፑ ሳይሆን ለእኔ ስለነገረኝ ነው።

ጌጡ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን በቅሎአቸውን በግላስ፣ በጥልፍ በተዋበ የበቅሎ ልብስ፣ ያስጌጡ ነበር፤ በፈረሳቸው ስምም ይጠሩ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። የዛሬዎቹ ፈረሰኞች ከእነርሱ የሚለዩት የእነርሱ ፈረስ የሚዘምት መሆኑ ላይ ብቻ ነው። እኔም ለአንዱ ስም አውጥቼለታለሁ፦ አባ ስኖርክል።

አባ ስኖርክል በእኛ ኮንዶሚኒየም የሚኖር፣ ሲያገኘኝ ከወንበሩ ተነሥቶ «ጋሼ» የሚለኝ፣ ጨዋ ወጣት ነው። ፒክአፑን ሲገዛ ደብል ጋቢና፣ ነጭ፣ ምንም ያልተነካ ነበር። ሃይሉክስ ነው። ቶዮታ ይህን መኪና ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያሻሽለው ኖሯል፤ እርሱ የገዛው በ2015 የወጣው ስምንተኛው ትውልድ ነው። ሻንሲው ጠንካራ፣ ኋላው ባሌስትራ፣ አንድ ቶን ገደማ የሚሸከም፣ እንደ ፋብሪካው አባባል 700 ሚሊ ሜትር ውሃ ውስጥ ሳይደነግጥ የሚገባ። 700 ሚሊ ሜትር ማለት ከሰው ጉልበት በላይ ነው። ይህን ያህል የደከሙት መሐንዲሶች ግን አንድ ነገር አመለጣቸው፦ መኪናው ካፌ በር ላይ ሲቆም ምን ይመስላል?

«ጋሼ፣ ባዶውን መንዳት ያሳፍራል» አለኝ። እኔ ባዶ የሚባለው ጭነት የሌለው መኪና ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜን የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት በሶማሌ ተራ ማሳለፍ ጀመረ። መጀመሪያ ጎማው መጣ፤ ከፓራፋንጎው አራት ጣት ወጥቶ በክረምት ጭቃውን ለእግረኛ በእኩል የሚያከፋፍል ጎማ። የጎማው ቁመት ከፋብሪካው ዐሥር በመቶ ሲጨምር የፍጥነት ቆጣሪው 80 ሲል መኪናው ወደ 88 እየሄደ ነው፤ ይህን ግን በትሕትና ቆጠርኩለት፣ ያለውን አሳንሶ የሚናገር ባለ ፒክአፕ ብርቅ ነውና። ቀጥሎ ማርሚታው ተቆርጦ ሕፃናትን ከእንቅልፍ የሚያስነሣ ሌላ ተገጠመ። ክላክሱ በባቡር ድምፅ ተተካ። ኮፈኑ ላይ ሞተር ያቀዘቅዛል የተባለ የአየር ቀዳዳ ተለጠፈ፤ በማጣበቂያ ነው የተለጠፈው፣ ቀዳዳም የለውም። ከፊት ዊንች ተተከለ፤ ከጭቃ ውስጥ ራሱን በገመድ የሚጎትትበት። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና መንከባከብ አገራዊ ግዴታ ነው ይላል። ጣሪያው ላይ ድንኳን ጨመረ።

ከዚያ ስኖርክሉ መጣ።

ለማያውቀው አንባቢ ልንገር፦ ስኖርክል ከፊት ፓራፋንጎ ወጥቶ በጋቢናው ጥግ ሽቅብ እስከ ጣሪያ የሚዘልቅ ጥቁር ቱቦ ነው፤ ሞተሩ የሚተነፍሰውን አየር ከላይ ይስብለታል። የናፍጣ ሞተር በመተንፈሻው ውሃ ከጠጣ አለቀለት፤ ውሃ እንደ አየር አይታመቅምና ፒስተኑ ሊጨምቀው ሲታገል ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ይጣመማል። ስለዚህ ወንዝ ለሚሻገር፣ ወይም በአቧራማ መንገድ ሌላ መኪና ተከትሎ ቀኑን ሙሉ ለሚጓዝ ሰው ቱቦው እውነተኛ መድኃኒት ነው።

አባ ስኖርክል መድኃኒቱን የገዛው ለዳሎል ጉዞ ነው።

«ዳሎል ወንዝ አለው እንዴ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ዳሎል እኮ ከባሕር ወለል በታች ነው!»

እውነቱን ነው። ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በምድር ላይ እጅግ ሞቃትና ደረቅ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ መሆኑም እውነት ነው፤ ይህንን ሁለተኛውን እውነት ልነግረው አፌን ስከፍት ግን እርሱ የቱቦውን ርዝመት በክንዱ እየለካ ያሳየኝ ነበር። ዝም አልኩ። ከ100 ሜትር ጥልቀት በአንድ ሜትር ተኩል ቱቦ ስለሚተነፍስ መኪና እየሰማ የሚያቋርጥ ሰው ጨዋታ አይገባውም።

ጉዞው ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። በመጀመሪያው ዓመት ጎማው አልደረሰም ነበር። በሁለተኛው የጣሪያው መብራት ከዱባይ ዘገየ። በሦስተኛው ድንኳኑን መልመድ ያስፈልጋል ተባለና በኮንዶሚኒየሙ የመኪና ማቆሚያ ተዘረጋ፤ ልጆቹ ወጥተው ተኙበት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እናታቸው በነጠላ ተሸፍና መጥታ አንድ በአንድ አወረደቻቸው። የጥበቃው ሠራተኛ መሰላሉን ያዘላት። ዳሎል ጠብቃለች፤ የትም አትሄድም።

አንድ ጊዜ ግን ዘመቻ ወጥቷል። ቢሾፍቱ። በፈጣን መንገዱ፣ ክፍያውን ከፍሎ፣ አንድም ጉድጓድ ሳያጋጥመው፣ አራቱን ጎማ የሚያሠራውን ማርሽ አስገብቶ። ሆራ ሐይቅ ዳር አቁሞ ጥብስ በላ፤ ስኖርክሉም ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ አየ፣ ከርቀት። የዚያን ቀን ፎቶግራፍ በስልኩ አሳይቶኛል። መኪናው ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። «ወደ ውሃው ብናዞረው ፀሐይዋ መብራቶቹ ላይ አታርፍም ነበር» ብሎ አስረዳኝ።

አንድ ቶን የሚሸከመው ካሶኒስ? ካሶኒው በጥቁር ክዳን ተከድኗል፤ ውስጡ ምንጣፍ ተነጥፎለታል፤ በጫማ አይገባበትም። ጎረቤታችን ፍሪጅ ስትገዛ «ይቧጭረዋል» ተባለች። የእድራችን ወንበሮች ለለቅሶ ሲፈለጉ «ክዳኑ በሪሞት ነው የሚከፈተው፣ ሪሞቱ ባትሪ ጨርሷል» ተባልን፤ ወንበሮቹን በሁለት ዙር በእኔ ኮሮላ አመላለስናቸው፣ አራቱን ጣሪያ ላይ አስረን። የፋሲካ ዋዜማ ለታ ደግሞ በረንዳ ላይ ቆሜ ስመለከት በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ። አባ ስኖርክል ወረደ። ከኋላ አንድ ጠቦት ወረደ። ሁለቱም ፒክአፑን በአክብሮት ዞረው አለፉ። በጉ እንኳ አልተጠጋውም፤ አስተዳደግ ነው።

ይህ ሁሉ ያስቀኛል። የፊት መከላከያው ብረት ግን አያስቀኝም።

ያ ወፍራም ብረት፣ ከፓራውልቱ ፊት ቀድሞ የሚሄደው፣ ለጨዋታ አልተሠራም። አውስትራሊያ ውስጥ በጠፍ አገር በሌሊት ሲነዱ ካንጋሮ ዘሎ ራዲያተሩን ቢሰብር ሰው በረሃ ላይ እንዳይቀር ታስቦ የተሠራ ነው። መገናኛ ላይ ካንጋሮ የለም። መገናኛ ላይ ያለው ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ በሁለት ታክሲዎች መካከል አንገቷን አውጥታ የምትቃኝ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የብረቱ ከፍታ ደግሞ የደረቷ ከፍታ ነው። መኪናው ከፍ በተደረገበት ጊዜ ያ ብረት ወደ ጭንቅላቷ መጣ። የፋብሪካው ፊት ሰው ሲመታ ይሰረጉድ ዘንድ ታስቦ ነው የተሠራው፤ ብረቱ ሻንሲው ላይ በብሎን ታስሯል፣ አይሰረጉድም፣ የሚሰረጉደው ሌላው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው መከላከያ በእግረኛ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በፈተና እንዲለካ አስገደደ። ሕንድ በ2017 መጨረሻ መኪና ላይ እንዳይገጠም ከለከለች። እኛ ቀለም እንመርጥለታለን። አብዛኛው ሰው በእግሩ በሚሄድባት ከተማ ውስጥ፣ ከገጽታ በቀር ለምንም ለማይጠቅም ዘንግ የሰው ልጅ ጎድን በመያዣ የሚሰጥ ሰው «ጎበዝ አሠራው» ተብሎ ይጨበጨብለታል። የሚሸጠውም ያውቃል፣ የሚገጥመውም ያውቃል፣ የቦሎ ሰሞን አውልቆ በሳምንቱ የሚመልሰውማ አጥብቆ ያውቃል፤ ጥፋት መሆኑን ባያውቅ ለምን ያወልቀዋል?

ይቅርታ። ውዳሴ ላይ ነበርኩ።

ማክሰኞ ማታ ያቺ ፀሐይ ሲኤምሲ ድረስ ሸኘችኝ። እኔ ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ እርሷም ታጠፈች። የጊቢያችን በር ሲከፈት ተከትላኝ ገባች። ወርጄ ዓይኔን ሳሽ በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ነበሩ እንዴ? መንገዱን እያበራሁልዎ ነው የመጣሁት» አለኝ። አመሰገንኩት። ምን ልበል? አብርቶልኛል።

በማግሥቱ ማለዳ ደግሞ በሬ ተንኳኳ። ባትሪው አልቋል። የጣሪያው መብራት ሽቦ በቁልፉ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪ የተሳበ ነው፤ ረስቶት ሲያበራ አድሯል፤ የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች መጋረጃ ዘግተው እንደተኙም ኋላ ሰማሁ። የባትሪ ገመዴን ይዤ ወረድኩ። ኮሮላዬን ከዚያ ግዙፍ ፊት አጠገብ ሳቆማት ሐውልት ሥር የተቀመጠች ሊስትሮ መሰለች። ኮፈኑን ከፈትን።

ገመዱን ሳስር ዓይኔ በፓራፋንጎው በኩል ወዳለው የአየር ማጣሪያ ሄደ። የፋብሪካው መተንፈሻ ቱቦ እንደ ድሮው ቦታው ላይ ተቀምጦ ከዚያው ከጥጉ አየር ይስባል። የፓራፋንጎው ላሜራ ሙሉ ነው። አልተበሳም። ወደ ውጭ ዞሬ ስኖርክሉን በእጄ ጨበጥኩት፤ በአራት ብሎንና በብዙ ሲሊኮን ላሜራው ላይ ተለጥፏል፣ የታችኛው አፉም ላሜራው ላይ ተደፍኗል።

«ይህ ቱቦ ከሞተሩ ጋር አልተገናኘም እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ፤ ገጣሚው ሊበሳው ነበር፣ እኔ ነኝ ያስተውኩት።»

«ለምን?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ከተበሳማ ውሃ ይገባል።»

ምንም አልመለስኩም። ኮሮላዬን አስነሣሁ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ተጠባበቅን፤ እርሱ ከፍ ካለው ጋቢናው ላይ ወጥቶ ቁልፉን አዞረ። ያ ትልቅ ሞተር ከእኔ ሚጢጢ ባትሪ ተበድሮ ተነሣ፤ አዲሱ ማርሚታ ጊቢውን ሁሉ አናወጠው። ገመዱን ለመፍታት ፊት ለፊቱ ቆሜ ሳለሁ አባ ስኖርክል መብራቶቹ ደኅና ማደራቸውን ለማረጋገጥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አበራቸው።