እንቅልፍን በእፅ ለምታባርሩና ዝም ብላችሁ ለምታዩ ወገኖቼ

ከዳላስ እስከ ዴንቨር፣ ከሲያትል እስከ ላስ ቬጋስ በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ የከባድ መኪና መሪ ጨብጣችሁ ቤተሰብ የምታስተዳድሩ፣ እንዲሁም መኪናዎቹን የምታሰማሩና ጭነት የምታገናኙ ወገኖቼ ሆይ፣ ሳይተኛ አገር ያቋረጠውን ሾፌር እንደ ጀግና ማወደስ ይብቃን። እንቅልፍ በብርታት የሚሸነፍ ጠላት አይደለም፤ ሁለት ሌሊት ነቅቶ የነዳውን ሰው «ጎበዝ» ከማለታችን በፊት ምን ወስዶ እንደነቃ ልንጠይቀው በተገባን ነበር።

ይህን የምለው ሜታምፌታሚን፣ በመንገድ ስሙ አይስ ወይም ክሪስታል የሚባለው እፅ፣ ሠርቶ አዳሪውን ሰው የማታለል ልዩ ኃይል ስላለው ነው። የሰከረን ሰው ሌላው ያውቅበታል፤ ይህን እፅ የወሰደ ግን ለጊዜው ትጉህ፣ ፈጣንና ብርቱ መስሎ ይታያል። እፁ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ እንዲለቀቅ እያደረገ የደስታና የጉልበት ስሜት ይፈጥራል፤ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትንና የሰውነት ሙቀትን ይጨምራል፤ ለሰውነት ግን የአንድ ሰዓት እረፍት እንኳ አይሰጠውም። ድካሙ ተሰወረ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ነጂው እፁ በሥራ ላይ ሳለ ከልክ በላይ ይፈጥናል፣ ከመስመሩ ይወጣል፣ የማይደፈረውን ይደፍራል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ደግሞ የተጠራቀመው እንቅልፍ መሪ እንደያዘ ይጥለዋል። በእጁ ያለው ከነጭነቱ እስከ 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም 36 ቶን ገደማ ሊመዝን የሚችል መኪና መሆኑን አስቡ። ሲደጋገምም ያለ ምክንያት ሰውን መጠርጠርን፣ የሌለ ድምፅ መስማትን፣ የጥርስ መበስበስንና የልብ ሕመምን ያመጣል።

ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህንኑ እፅ ለወታደሮችና ለፋብሪካ ሠራተኞች አድላ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሱሱ ሲስፋፋባት እ.ኤ.አ. በ1951 በልዩ ሕግ ለመቆጣጠር ተገድዳለች። የሌላው መከራ ሊያስተምረን በቻለ ነበር።

እናንተ ባለንብረቶችና ጭነት የምታገናኙ ዲስፓቸሮች፣ ጥፋቱ የነጂው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፌዴራሉ ሕግ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር 10 ተከታታይ ሰዓታት ካረፈ በኋላ፣ በ14 ሰዓታት ውስጥ ከ11 ሰዓታት በላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። በዚህ ልክ ሊደርስ የማይችል ጭነት ተቀብላችሁ «እንደምንም አድርሰው» እያላችሁ ስልክ የምትዘጉ ከሆነ፣ እፁን በእጃችሁ ባትሰጡትም ወደ እርሱ የሚወስደውን መንገድ ጠርጋችሁለታል።

የዕድርና የማኅበር መሪዎች፣ የደብርና የመስጊድ አስተዳዳሪዎችም ተግሳጹ ይመለከታችኋል። አንድ ሾፌር በመንገድ ሲሞት አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመሸኘት ፈጥነን ገንዘብ እናዋጣለን፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሾፌሮችን በሕይወት ሳሉ ሰብስበን፣ ሐኪምና የሥራ ደኅንነት ባለሙያ በአማርኛ እንዲያስረዷቸው ማድረግን ስለምን ቸል አልን? በእንግሊዝኛ የተሰጠ ሥልጠና ላይ ፈርሞ የወጣ ሁሉ ተረድቷል ማለት አይደለም። በዚያ ስብሰባ ጫትም ይነሣ፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ሜታምፌታሚን የሚመደብበት የአምፌታሚን ወገን የቅርብ ዘመድ ነው፣ በአሜሪካ ሕግም የተከለከለ ነው። በመንገድ በሚሸጠው ሜታምፌታሚን ውስጥ ፈንታኒል የተባለ በጥቂቱ የሚገድል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ተቀላቅሎ ሊገኝ እንደሚችል፣ የዚህን ዓይነት መመረዝ የሚቀለብሰውና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ናሎክሶን የተባለ መድኃኒትም ለፈንታኒሉ እንጂ ለሜታምፌታሚኑ እንደማይሠራ ይነገራቸው።

በሱሱ የተያዛችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለዚህ ሱስ የጸደቀ ኪኒን ባይኖርም፣ በምክርና ከእፁ ርቆ ለቆየ ሰው ማበረታቻ በመስጠት የሚካሄደው ሕክምና ውጤት ያስገኛል። በምርመራ እፁ የተገኘበት ሾፌር ክሊሪንግሃውስ በተባለው የፌዴራል መዝገብ ይመዘገባል፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2024 ጀምሮም ወደ ሥራ ለመመለስ የተወሰነለትን ሂደት እስኪፈጽም ድረስ ክፍለ ግዛቱ የንግድ መንጃ ፈቃዱን ያነሣበታል። አሠሪው በጽሑፍ የወጣ፣ ሠራተኛ ችግሩን በራሱ ፈቃድ የሚያሳውቅበት ደንብ ካለው ግን፣ ለምርመራ ከመጠራቱ በፊት የተናገረ ሾፌር ሳይቀጣ የመታከሚያ ጊዜ ያገኛል። ይህ ደንብ በድርጅታችሁ መኖሩን ዛሬውኑ አጣሩ። ከሌለም ሌሊትና ቀን በነፃ የሚያገለግለውን፣ ምስጢር የሚጠብቀውን የፌዴራል መንግሥት የእርዳታ መስመር በ1-800-662-4357 ደውሉ፤ እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ የምታምኑትን ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ።