ስንዝር ብረት

ወገኖቼ፣ የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ዛሬ የምገሥጻችሁ ስለ አንድ ስንዝር ብረት ነው።

ከወረዳ ከተሞቻችን በአንዷ ዳር፣ በመንግሥት ድጎማ የጎል ብረት ተተክሎ ነበር። ቱቦው ባለ 4 ኢንች፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፤ በቋሚዎቹ መካከል 7.32 ሜትር፣ ከመሬት እስከ አግዳሚው 2.44 ሜትር። አንድ ሌሊት በብረት መጋዝ ተቆርጦ ተወሰደ። ቆራጩ ኮንክሪቱን ልቆፍር ብሎ አልደከመም፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ገዘገዘውና ሄደ። ጠዋት ከብት የሚነዳው አየ። ገበያ የሚወርደው አየ። ከቅዳሴ የሚመለሰውም አየ። እንደ ምላጭ የሰላውን ጫፍ በድንጋይ እንኳ የከለለው ግን አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ልጆች ጉቶዎቹን የጎል ምልክት አድርገው ሲጫወቱ፣ በረኛው ኳስ ሊይዝ ተወረወረ። ቅልጥሙ እስከ አጥንቱ ተተለተለ።

ሌባውን ፖሊስ ይፈልገው። እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ አይቶ ያለፈውን ነው። ቆራሌውስ? ነጭ የተቀባ ባለ 4 ኢንች ቱቦ ሲመዘንለት የማን ጓሮ አጥር መስሎት ነው? የጎረቤት በሬ ቢሰረቅ ኡኡ ብሎ የሚወጣ መንደር፣ የልጆቹ ጎል ሲቆረጥ «የመንግሥት ነው» ብሎ አለፈ።

ያሳዝናል፤ ነገሩ የተበላሸው ገና ከመጋዙ በፊት ነውና። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ግዢው ሁሉ በሰኔ ጥድፊያ ይፈጸማል፤ ተከላውም ከዝናብ ጋር ይገጥማል። አፈራችን ደግሞ መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። 40 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ቋሚ በየዓመቱ ይነቃነቃል፣ ያዘምማል። መረሬው ተዝቆ ወጥቶ በገረጋንቲ፣ በጠጠራማው አፈር፣ መተካት፣ ገረጋንቲውም መጠቅጠቅ ነበረበት። ሜዳውም ያው ነው። ስፋቱ 68 ሜትር ከሆነና መሐሉ ከዳሩ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልበለጠ፣ ማለትም በመቶ አንድ ተዳፋት ካልተሰጠው፣ ውኃ ይተኛበታል፤ ዳርና ዳሩም ቦይ ይፈልጋል። የምናስገባው ማመልከቻ ግን ምንጊዜም ማሊያ፣ መረብ፣ ኳስ ነው። ማሊያ ለፎቶ ያምራል፤ ቦይ አያምርም።

ኳሶቹም በንብረት ክፍሉ ቅጽ፣ በሞዴል 19፣ ገቢ ተደርገው፣ በሞዴል 22 ወጪ የሚያደርጋቸው ጠፍቶ መጋዘን ይከርማሉ። ሲወጡ ተንፍሰዋል። መንፊያም መርፌም በግዢው ዝርዝር የለም፤ ከተገኘም መርፌው ሳይረጥብ ይሰካና ቫልቩን ይቀደዋል።

የርክክቡን ወረቀት የፈረመው ማን ነው? እኛው ነን፣ የነዋሪ ተወካይ ተብለን። ጉድጓዱ ሲቆፈር የቆመ አልነበረም፣ ሜትር የዘረጋ አልነበረም። ሻይ ጠጥተን ፈረምን። በኅዳር አዝመራ ሲገባ ሜዳውን አውድማ ያደረግነው፣ መረቡን ገለባ ያሰርንበት፣ እኛ ነን። እና ደግሞ «መንግሥት ለወጣቱ ምን ሠራ?» እንላለን። አፋችን አያፍርም።

ተዉ፣ ወገኖቼ። ሰኔን አትጠብቁ፤ ጥያቄያችሁን በበጋው፣ የወረዳው ዕቅድ ሲዘጋጅ አስገቡ። የሜዳውን የይዞታ ካርታ አያይዙበት፤ ካርታ የሌለው ሜዳ ነገ ተሸንሽኖ ቤት ይበቅልበታል። ጥበቃው የማን እንደሆነ በስም ይጻፍ። ትሰሙኛላችሁ ብዬ ብዙም አልተማመንም፤ ይህ ተግሣጽ የመጀመሪያው አይደለም። ግን ከእነዋሪ እስከ ሞላሌ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ካለው ሕዝብ መሐል ሜትር ይዞ የሚቆም አንድ ሰው በየቀበሌው አይጠፋም ብዬ አስባለሁ።

እስከዚያው ጉቶውን አውጡት። ዶማ፣ መዶሻና ሁለት ጎረምሳ ካለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያ እንኳ ካልተቻለ አሮጌ ጎማ አልብሱትና አፈር ሙሉበት። ልጆቹ ዛሬም ከትምህርት ቤት ሲወጡ እዚያው ሜዳ ናቸው።