ደረሰኝ ያልተቆረጠለት እንቁላል

በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ በተጠራ ጉባኤ ላይ፣ አንድ እንቁላል በ1,400 ብር ገዛሁ። ዲያቆኑ «1,300 አንድ ጊዜ፣ 1,300 ሁለት ጊዜ!» ሲል እጄ ሳላዘው ተነሣ። ከጎኔ የተቀመጡት ባለሱቅ ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ደረሰኝ ተቀበል እንጂ ልጄ፤ እኛን ያለ ደረሰኝ ስንሸጥ ይቀጡን የለም?» አሉኝ።

ጥያቄው እንቅልፍ ነሣኝ። የገዛሁት እንቁላል ከሆነ ነገሩ ንግድ ነው፤ በረከት ከሆነ ግን የ1994ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ የሃይማኖት ድርጅቶችን ሃይማኖታዊ አገልግሎት ነፃ ስላደረገ 15 በመቶው አይነካውም ነበር። «በጎ አድራጎት ነው» ብዬ እንዳልገላገል ደግሞ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን ከዕድርና ከዕቁብ ጋር በአንድ አግዳሚ አስቀምጦ ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል።

በነጋታው የቅኔ መምህሬን ጠየቅኋቸው። «በእኛ ቤት ግብር የሚበላ እንጂ የሚከፈል አይደለም» ብለው ከሣቁ በኋላ፣ ዮሴፍ ከግብፅ እህል አምስተኛውን እጅ ለፈርዖን ሲያስገባ የካህናቱን መሬት እንዳልነካ ከዘፍጥረት 47 ጠቀሱልኝ። የኔታ፣ ያ መሬት ስንዴ ይበቅልበት ነበር፤ በእኛ ደብር አጥር ላይ የበቀሉት ግን 12 ሱቆች ናቸው፤ አንዱ ሲሚንቶ፣ ሌላው የሞባይል ቀፎ ይሸጥበታል። ጎረቤቴ ለሚያከራዩዋቸው ሁለት ክፍሎች የኪራይ ገቢ ግብር ይከፍላሉ፤ ስለ 12ቱ የተጠየቀ የሰበካ ጉባኤ አባል ግን «የእግዚአብሔር ቤት ነው» ብሎ ያማትባል።

ጎጃም ላይ ስለ ግብር ሲወራ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ይበጃል፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብሩን እምቢ ብሎ ጠመንጃ ያነሣ ገበሬ፣ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ከወንበራቸው እስከ ማስነሣት ደርሷል። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልናገር፦ ጧፉ፣ ክርስትናው፣ የአብነት ተማሪው ቁራሽ፣ የመስጊዱም የዘካ እህል ነፃ ይሁኑ፤ ሲሚንቶው ግን ጥምጥም ስላልጠመጠመ ኪራዩ እንደ ጎረቤቴ ኪራይ ይቆጠር።

እንቁላሉን እንደ ደንቡ ለጨረታው መልሼ ነበር፤ በ1,600 ብር ያሸነፉት እኚያው ባለሱቅ ናቸው። ሐምሌ ደርሶ ሂሳባቸውን ሲያዘጋጁ መዝገቡን ገልጠው፣ «በወጪ ልጻፈው ወይስ በምጽዋት?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ እኔ በቁርስ ብዬ መለስሁ።