ክርክር፦ ደረታቸውን ይዘው የመጡት አባት ሒሳብ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደንብ ባጭሩ እንዲህ ነው። አባሉ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ከአቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ይገባል። ሪፈር ሳይዝ ሆስፒታል ከሄደ የወጪውን ግማሽ ከኪሱ ይከፍላል። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ግን ሪፈር አይጠየቅም። ታዲያ ድንገተኛ ነው አይደለም የሚለውን ማን ይወስን? ደሴ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ ሐኪምና ደቡብ ወሎ ውስጥ የመድን ክፍያ ጥያቄዎችን የሚመረምሩ ባለሙያ በዚህ ላይ ተከራክረዋል። ወሎ ለመድኑ አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ ተሁለደሬ ነበረች።

ሐኪሙ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ከአምባሰል ገጠር በመጡ አንድ አባት ልጀምር። ሌሊት ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው፤ ላብ አጠመቃቸው። ልጆቻቸው አይሱዙ ለምነው አመጧቸው። መንገድ ላይ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፈውታል። የትሪያጅ ነርሷ፣ ማለትም ታማሚዎችን በሕመማቸው አጣዳፊነት በቀለም የምትለየዋ፣ ብርቱካናማ ሰጠቻቸው። ከቀይ ቀጥሎ ያለ፣ ወረፋ የማያስጠብቅ ማለት ነው። ወዲያው ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሡ፣ ደም ተወሰደ፣ እስኪነጋ ተከታተልናቸው። ልባቸው ደህና ነው፤ ጨጓራ ሆኖ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቆይቶ መድኑ ሒሳቡን አልከፍልም ብሎ ለሆስፒታሉ መለሰው። ምክንያቱ? ጨጓራ ድንገተኛ አይደለም፣ ሪፈርም የለውም።

እንዲያው ይፍረዱኝ። ጨጓራ መሆኑን ያወቅነው እኮ ከመረመርን በኋላ ነው! እሳቸው ቤታቸው ሆነው በምን ይወቁት? በእኛ ሙያ የመጀመሪያው ጥያቄ የበሽታው ስም አይደለም። አሁን፣ በዚህች ሰዓት የሚገድለው ነገር አለ ወይ ነው። እንደሌለ ማረጋገጥም ሥራ ነው፤ ወጪም አለው። ስለዚህ ክፍያው ታማሚው በመጣበት ሁኔታ ይታይ እንጂ ሲወጣ በተጻፈለት በሽታ አይሁን።

መርማሪዋ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እኔም ወደዚህ ሥራ የመጣሁት ከነርስነት ስለሆነ ሌሊቱን አውቀዋለሁ። ለእኚያ አባት ይከፈል፤ በዚያ አልከራከርዎትም። ግን ካርዳቸው ላይ ምን ተጽፎ ነበር? እኔ ዘንድ የሚደርሰው ሰው ሳይሆን ወረቀት ነው። በየሩብ ዓመቱ ክምሩ ጠረጴዛዬ ላይ ይወርዳል። አንዱን ላሳይዎት። የገባበት ሰዓት ባዶ። የደም ግፊት ባዶ። የልብ ምት ባዶ። የትሪያጅ ቀለም የለም። ከላይ በእስክሪብቶ "ድንገተኛ" ተጽፎ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ከሥር "ሦስት ሳምንት የቆየ ሳል" ይላል። ሦስት ሳምንት የጠበቀ ሳል ምን ሆኖ ነው ድንገት ሪፈር የሚያስዘልለው?

ብሩ የማን እንደሆነም አይርሱ። መዋጮው የሚሰበሰበው ምርት ሲገባ ነው። ገበሬው ጤፉን ሸጦ ያዋጣል፤ አቅም ለሌለው ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። አከፋፈሉ በአገልግሎት ነው። አንድ ምርመራ አንድ ሒሳብ፣ ብዙ የመረመረ ብዙ ይቀበላል። ሐኪምን ሌባ ማለቴ አይደለም፤ ግን እንዲህ ያለ አከፋፈል ሳይመረመር አይለቀቅም። ደግሞስ ሪፈሩን ሁሉም ከዘለለው ጤና ጣቢያው ጭር ይላል፣ የእርስዎ ኮሪደር ይጨናነቃል። ያኔ እኚያ አባት አልጋ ቀርቶ ወንበር አያገኙም።

ሐኪሙ፦ ስለ ሳሉ ልመልስ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ሲመጣ እኛ ቲቢ ነው የምንጠረጥረው፤ የቲቢ ሕክምና ደግሞ በነፃ ነው። ድንገተኛ ነው ብዬ ግን አልሟገትልዎትም።

ካርዱን በተመለከተ ግን ፍረጃ ያበዛሉ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መኪና ተገልብጦ ተጎጂዎች በአንዴ ሲገቡ መጀመሪያ ደም ይቆማል እንጂ ቅጽ አይሞላም። በነገራችን ላይ የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005ን ነገር ይመልከቱ። ለተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ የድንገተኛ ሕክምና ወጪ እስከ ተወሰነ ጣሪያ እንዲሸፈን ደንግጓል። እዚያ ከየትኛው ጤና ጣቢያ መጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ደግሞ ሒሳብ ሲቆረጥ የሚቀጣው እኔ አይደለሁም። ካርድ ክፍሉ ይማርበታል። በሚቀጥለው ጊዜ ደረቱን ይዞ የመጣውን ሰው ገና በር ላይ "ሪፈር አምጡ" ይለዋል። ልጁ ወረቀት ፍለጋ ሲሮጥ አባትየው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቆያል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

መርማሪዋ፦ አባሉን የሚያስመርረው እሱ ብቻ መሰለዎት? "መድኃኒት የለም፣ ውጭ ግዙ" ነው የመድን ደብተሩን እንዳያሳድስ የሚያደርገው።

ሐኪሙ፦ መድኃኒት የሚገዛው እናንተ በምትከፍሉት ብር ነዋ!

(እዚህ ላይ ሁለቱም ሞቅ አሉ። በእኔ እይታ ሐኪሙ በዋናው ነጥብ ልክ ናቸው። ባዶ ካርድ ይዞ ክፈሉኝ ማለት ግን ያስቸግራል።)

መርማሪዋ፦ እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። አራት ነገር ይጻፉልኝ። የገባበት ሰዓት። የትሪያጁ ቀለም። ግፊትና የልብ ምት። ታማሚው በራሱ አፍ ምን እንዳለ። ተጎጂ ሲበዛ ነርሷ ወይም ተለማማጁ ኋላም ቢሆን ይሙላው። እነዚህ ካሉ በመጨረሻ ጨጓራም ይሁን ቃር አልቆርጥም። ከሌሉ ግን እውነተኛ የልብ ሕመም ቢሆንም እመልሰዋለሁ።

ሐኪሙ፦ በአራቱ እስማማለሁ። በመጨረሻዋ ግን አልስማማም። ልቡ ታሞ የገባ ሰው ሒሳብ አንዲት መስመር ባዶ ስለሆነች አይመለስም። ደውለው ይጠይቁን።

መርማሪዋ፦ ስልክ ለኦዲት ማስረጃ አይሆንም ዶክተር። በጽሑፍ፣ ማኅተም አድርገው ይላኩልኝ።